በመጋዘን ስለ ታሰሩት ኮምፒዩተሮቻችን

ባለፈው የጥቅምት ወር ከእኛ ሦስቱ የተሰበረ ወንበር ለማስለወጥ ወደ ኮሌጁ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርደን ነበር። ወንበሩን አላገኘንም። ነገር ግን ከበሩ በስተግራ፥ በግድግዳው ሥር፥ አቧራ የጠገበ ሸራ ለብሰው 31 ኮምፒዩተሮች ተደርድረው አየን። አንድ በአንድ ቆጥረናቸዋል። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁትን ጋሼን ስለ ምን እዚህ እንደ ገቡ ብንጠይቃቸው፤ «አርጅተዋል ተብለው ገቡ፤ የሚያስወግድ ኮሚቴ እስኪቋቋም ድረስ ይቆያሉ፤ ዘንድሮ አራተኛ ዓመታቸው ነው» ሲሉ መለሱልን። በዚያው ዕለት ማታ አንዲት የሥነ ጽሑፍ ክፍል ባልንጀራችን የመመረቂያ ጽሑፏን በስልኳ ላይ በአውራ ጣቷ እየነካካች ስትጽፍ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ አመሸች።

ይህችን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። በእርምጃ ለክተነዋል፤ አራት መቶ አይሞላም።

አንባቢያችን የአርትስ ተማሪ ከሆነ የኮምፒዩተር ክፍላችንን ሁኔታ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ለሌሎች ፋኩልቲዎች ወንድሞችና እኅቶች ግን ባጭሩ እንንገር። ክፍሉ 24 መቀመጫ አለው፤ ከነዚህ ውስጥ 9ኙ ይሠራሉ። በሩ ጧት በ2፡30 ተከፍቶ ማታ በ11 ሰዓት ይዘጋል፤ ይኸውም እኛ ትምህርት ላይ ባለንበት ሰዓት ይከፈታል፥ ከትምህርት በምንወጣበት ሰዓት ይዘጋል ማለት ነው። አቤቱታ ባቀረብን ቁጥር የሚሰጠን መልስ «አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት በጀት ይጠየቃል» የሚል ነው። እኛ አዲስ ኮምፒዩተር አንጠላም፤ ይምጣና እልል ብለን እንቀበለዋለን። ኀሳባችን ግን ሌላ ነው። በሸራ ሥር ያሉት 31ዱ በእርግጥ ሞተዋልን? ከሞቱስ በምን በሽታ ሞቱ?

መርምረን እንደ ተረዳነው በሽታው የብረቱ አይደለም። ሳጥኑ እንደ ነበረ ነው፤ በላዩ የሚጫነው ሶፍትዌር ግን ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄደ። 2 ጊጋባይት የማስታወሻ ጉልበት ያለው ኮምፒዩተር በተሠራበት ዘመን ጎበዝ ነበር፤ ዛሬ አንድ የኢንተርኔት ማሰሻ ከፍቶ ጥቂት ገጾች ሲጨመሩበት ይንበረከካል። ነገ ደግሞ ተራው የሌሎቹ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይትና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያለበት መሣሪያ ካልሆነ አልጫንም ይላል። ስለዚህ የእኛ ግምጃ ቤት በቅርቡ ሌላ ሸራ ያስፈልገዋል።

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። ድግስ ሲደገስ እያንዳንዱ እንግዳ ምጣዱን ተሸክሞ አይመጣም፤ ጓዳው አንድ ነው፤ ከጓዳው ተሠርቶ ለሁሉም ይቀርባል። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። አንድ ጉልበተኛ ኮምፒዩተር፥ ማለት ሰርቨር፥ በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ የጽሑፍ ሥራው፥ ማሰሻው፥ መዝገበ ቃላቱ ሁሉ በእርሱ ላይ ይሠራል። አሮጌው ኮምፒዩተር ከፊታችን ሆኖ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሰርቨሩን ገበታ በሥዕል መልክ ማሳየትና የነካነውን ፊደል ወደ ሰርቨሩ መላክ ብቻ ነው። ለዚህ ለዚህማ 2 ጊጋባይት ተርፎት ያድራል። ይህ አሠራር ሪሞት ዴስክቶፕ ይባላል።

በዚህ አጋጣሚ የአርትስ ተማሪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ታሪክ እናንሣ። በአሜሪካ አገር በኒው ሃምፕሺር ግዛት የሚገኘው የዳርትመዝ ኮሌጅ ሁለት የሒሳብ መምህራን፥ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ፥ ኮምፒዩተር የመሐንዲሶች ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም ብለው ተነሡ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አንድ አዳራሽ የሚሞላ፥ ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ ነበር። ስለዚህ አንዱን መሣሪያ ብዙዎች በአንድ ጊዜ የሚካፈሉበትን ሥርዐት ዘረጉ፤ ሚያዝያ 23 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1964) ሌሊቱን በ10 ሰዓት ገደማ ሥርዐቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ልብ በሉ፤ የሥርዐቱን ሶፍትዌር የጻፉት እንደ እኛ ያሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። ኬሜኒም መደርደሪያው ለሁሉ ክፍት ከሆነ ቤተ መጻሕፍት ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ተማሪው የማንንም ፈቃድ ሳይለምን ገብቶ ይጠቀም ማለቱ ነው። የሒሳብ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የታሪክና የቋንቋ ተማሪም ከመሣሪያው ፊት ተቀመጠ። እኛ ዛሬ የምንለምነው ከዚያ አይበልጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ይህን አሠራር ለመዘርጋት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከኩባንያ መግዛት ነው። የማይክሮሶፍትን ብንወስድ ከሰርቨሩ ዋጋ ሌላ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ መሣሪያ የፈቃድ ክፍያ ይጠየቃል፤ ለሪሞት ዴስክቶፑ ደግሞ ለብቻው ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሳይገባ ሥራ መጀመር ይቻላል፤ 120 ቀን ይታገሣል። ከ120 ቀን በኋላ በሩ ይዘጋል። እንግዲህ በኮሌጃችን የአንድ ሴሚስተርን ርዝመትና የአንድ የግዢ ጥያቄን ርዝመት የሚያውቅ ሰው በሩ የሚዘጋው በየትኛው ሳምንት እንደ ሆነ መገመት አያቅተውም፤ በፈተናው ሳምንት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ነጻ ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ያደለንን ነገር ማመስገን ይገባናል። እንግሊዝኛ «ነጻ» ለማለትም «ያለ ዋጋ» ለማለትም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ተናጋሪዎቹ ዘወትር ማብራሪያ ይጨምሩበታል። በአማርኛ ግን «ነጻ» ሌላ፥ «በነጻ» ሌላ ነው፤ በአንዲት «በ» ይለያያሉ። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራውን ሲጀምር የተናገረው ስለ «ነጻ» ነበር፤ ማንም ሰው ሶፍትዌሩን ለፈለገው ሥራ እንዲያውለው፥ ውስጡን ገልጦ እንዲያጠናው፥ እንዲለውጠውና ለጎረቤቱ እንዲያካፍለው። በኮሌጃችን ግን ነገሩን የሚደግፉም የሚነቅፉም ሰዎች የሚያዩት «በነጻ» የሚለውን ብቻ ነው። ደጋፊው «ገንዘብ አይጠይቅም» ይላል፤ ነቃፊው «በነጻ የተገኘ ነገር ምን ይረባል» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ምክንያቱን ከደረሰብን እንናገራለን።

ስድስት ሆነን፥ አምስቱ ከአርትስ አንዱ ከምሕንድስና፥ ሙከራ ለማድረግ ተስማማን። ጋሼ በሞዴል 22 አስፈርመው 8 አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሰጡን፤ ለዚህ ፊርማ አሥራ አንድ ቀን ተመላልሰናል። አንድ ደግ መምህር 32 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ኮምፒዩተራቸውን ለሰርቨርነት አዋሱን። ከስምንቱ የአምስቱ ሃርድ ዲስክ ሞቶ ነበር፤ ግን ሃርድ ዲስክ አላስፈለገንም። ኤልቲኤስፒ የሚባል፥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረና በ2019 እንደ ገና የተጻፈ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ አሮጌው ኮምፒዩተር ሲበራ የሚነሣበትን ነገር ከራሱ ዲስክ ሳይሆን በኔትዎርክ ገመድ ከሰርቨሩ እንዲቀበል ያደርገዋል። በሰርቨሩ ላይ ዴቢያን 12 የተባለውን ሊኑክስ፥ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገበታ፥ ገበታውን ወደ ሩቅ የሚያቀርበውን ኤክስአርዲፒን ጫንን። ተማሪው ከመኝታ ቤት በስልኩም ቢሆን እንዲገባ ደግሞ አፓቺ ጓካሞሌን ጨመርን። ስሙ የሜክሲኮ ሰዎች ከአቮካዶ የሚሠሩት ማባያ ነው፤ ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። ጓክዲ የሚባለው አንዱ ክፍሉ ከገበታው ጋር ይነጋገራል፤ ሌላው ክፍሉ በቶምካት ላይ ተቀምጦ ያንኑ ወደ ተራ የኢንተርኔት ማሰሻ ያስተላልፋል። በተማሪው ስልክ ላይ ምንም ነገር መጫን አያስፈልግም፤ አድራሻውን ጽፎ ይገባል፤ ገበታው ይቀርብለታል።

ወረቀት ላይ ሲጻፍ እንዲህ ቀላል ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ጓካሞሌን ጭነን አድራሻውን ብንጠራው «የለም» የሚል መልስ ብቻ ይሰጠን ጀመር። ሦስት ምሽት ፈጀብን። በመጨረሻ ለካስ ከዴቢያን 12 ጋር የሚመጣው ቶምካት 10 ነው፤ የያዝነው ጓካሞሌ ደግሞ ለቶምካት 9 የተጻፈ ነው፤ በሁለቱ መካከል አንድ የጃቫ ክፍል ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ስሙን ቀይሮ ኖሮ አንዱ ሌላውን በስም ቢጣራ አልሰማውም። የቀድሞውን ቶምካት አውርደን ብንተካው በሩ ወዲያው ተከፈተ። ከዚህ የከፋው ግን የኤልቲኤስፒው ነው። መመሪያው በኔትዎርኩ ላይ ያለውን አድራሻ አዳይ ሳትነኩ የምትሠሩበት መንገድ ይህ ነው እያለ ያሳያል፤ እኛ ግን ዐዋቂዎች ነን ብለን ለወጥነው። ሰርቨራችን ለሕንጻው ኮምፒዩተሮች ሁሉ የተሳሳተ አድራሻ ማደል ጀመረ፤ ከበላያችን ያለው ቢሮም ግማሽ ቀን ኢንተርኔት አጥቶ ዋለ። የዚያን ቀን ማን እንዳደረገው ሲፈለግ እኛም አብረን «ማን ይሆን?» ስንል ነበር። ይቅርታ በዚህ ጽሑፍ እንጠይቃለን።

እንግዲህ «በነጻ ነው» የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ይስሙ። ለሶፍትዌሩ ሳንቲም አልከፈልንም፤ የከፈልነው ምሽት ነው፤ እንቅልፍ ነው፤ ውርደትም አለበት። «በነጻ የተገኘ አይረባም» የሚሉትም ይስሙ። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ስምንቱ ኮምፒዩተሮች ሥራ ላይ ናቸው፤ ጽሑፍ ለመጻፍና ለማንበብ ከአዲስ መሣሪያ የሚለያቸው የመልካቸው ማርጀት ብቻ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማየት ግን አይሆኑም፤ ሥዕሉ በየቅጽበቱ እየተጠቀለለ በኔትዎርክ ስለሚላክ ይንተባተባል። ፊልም የሚወድ ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ለእኛ ለአርትስ ሰዎች ትልቁ ትርፍ የግእዝ ፊደል ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የየራሱ ምስጢራዊ አቆጣጠር ስለ ነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የእብድ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ዛሬም በየኮምፒዩተሩ ያለው የፊደል ቅርጽና የፊደል ገበታ ስለሚለያይ በአንዱ ያማረው ጽሑፍ በሌላው ባዶ ካሬ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በሰርቨሩ ላይ ግን አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ የፊደል ቅርጽ አንድ ጊዜ ጫንን፤ ለሁሉም ሆነ። የፊደል ገበታውንም እንዲሁ። በስልክ የሚገባ ሰው የስልኩን አማርኛ ሲነካ ፊደሉ በመንገድ እየቀረ አስቸግሮን ነበር፤ አሁን በሰርቨሩ በኩል ያለውን ገበታ እንዲከፍት እንነግረዋለንና ሁሉ ፊደል ከነዘሩ ይደርሳል። ኀምሳ ኮምፒዩተር እየዞሩ ኀምሳ ጊዜ መጫን የቀረበት ይህ ብቻ እንኳ ለሥነ ልሳን ክፍል በቂ ምክንያት ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አየን። በኅዳር ወር አንድ ምሽት ከምሽቱ 1፡20 ላይ መብራት ጠፋ። ስምንቱ አሮጌዎች በአንድ ጊዜ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሰርቨሩ ግን ከየኪሳችን አዋጥተን በገዛነው የዩፒኤስ ባትሪ ላይ ነበረና አልጠፋም። ከ22 ደቂቃ በኋላ መብራት ሲመጣ ያቺ በስልክ ስትጽፍ የነበረችው ባልንጀራችን ተመልሳ ገባች፤ ጽሑፏ ሳይጎድል፥ ጠቋሚው መስመር እንኳ ያቋረጠችው ቃል አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ሥራው ያለው በሰርቨሩ እንጂ በፊቷ ባለው ሳጥን ስላልሆነ ነው። ቀድሞ አንድ ምዕራፍ ሙሉ በፍላሽ ቫይረስ የጠፋባት እርሷ ነበረች፤ ስታለቅስ አይተናት እናውቃለን፤ ያን ምሽት ሳቀች። በእርግጥ ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ከሞተ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ጽሑፍ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለበጥ አድርገናል። ሁለተኛ ሰርቨር ቢኖር ደግሞ ይሻል ነበር።

ደግሞ አንድ ባልደረባችን 40 ገጽ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ሰባቱን ሰው ድንጋይ ያደረገበት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው 3 ጊጋባይት ወሰን አበጀንለት፤ ከዚያ በላይ የፈለገ የራሱን ማሰሻ እንጂ የጎረቤቱን ሥራ አይዘጋም። በሥነ መንግሥት ትምህርት ስለ ግለሰብ ነጻነትና ስለ ኅብረተሰብ ጥቅም አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከተከራከርነው ይልቅ በዚያች አንድ መስመር ትእዛዝ ላይ የተነታረክነው ይበልጣል። ገደቡ 2 ይሁን ያሉ ነበሩ። በድምፅ ብልጫ 3 ሆነ።

ይህ ንትርክ ወደ ከባዱ ጉዳይ ያደርሰናል። የሰርቨሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን? ተማሪው ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲጽፍ የዚያ ኮምፒዩተር አስተዳዳሪ የሁሉንም መሳቢያ መክፈት ይችላል። የላካችሁትን ደብዳቤ፥ ገና ያልጨረሳችሁትን ድርሰት፥ በመምህር ላይ የጻፋችሁትን ቅሬታ ረቂቅ ሁሉ ማለት ነው። ጓካሞሌ የተማሪውን ገበታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ፊልም መቅዳት የሚችልበት ችሎታ አለው፤ ኤፖፕቴስ የሚባል ሌላ ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ መምህሩ የተማሪዎቹን ገበታ ሁሉ በአንድ መስታወት እንዲያይ ያደርገዋል። ለማስተማር ጥሩ ነው፤ ለመሰለልም ጥሩ ነው። ሶፍትዌሩ ነጻ መሆኑ ተጠቃሚውን ነጻ አያወጣውም። የሚያወጣው ቁልፉን የያዘውን ሰው የሚይዝ ደንብ ሲኖር ነው።

ስለዚህ በእኛ ሙከራ እንዲህ አደረግን። መቅጃው ጠፍቷል፤ መጥፋቱንም የፈለገ ሰው ከማዋቀሪያው ላይ ራሱ እንዲያይ እናሳየዋለን፤ ነጻ ሶፍትዌር በመሆኑ ይህን ማድረግ ይቻላል። የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል በሁለት ሰዎች መካከል ተከፍሏል፤ ግማሹን አንዱ፥ ግማሹን ሌላው ያውቃል፤ ብቻውን የሚገባ የለም። (በመጀመሪያው ሳምንት ግን ጓካሞሌ ይዞት የመጣውን፥ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የመግቢያ ቃል ሳንለውጥ ስድስት ቀን መቆየታችንን መደበቅ አይገባንም።) ኮሌጁ ነገሩን ሲረከብ ይህ ደንብ አብሮ ይረከባልን? ወይስ «ለቁጥጥር ያመቻል» ተብሎ መቅጃው ይከፈታል? እኛን የሚያስፈራን የገንዘብ እጥረት ሳይሆን ይህ ነው፤ ደንቡ ተጽፎ ካልጸደቀ በቀር አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች በሸራቸው ሥር ቢቆዩ እንመርጣለን እስከ ማለት የደረሱ ጓደኞች በመካከላችን አሉ። እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም፤ ግን ስጋታቸውን እንጋራለን።

«ለምን ሁሉን ነገር ከውጭ ባለሙያ አምጥተን አናስተክልም?» የሚሉ አሉ። ለነዚህ የምናስታውሳቸው የፕላዝማውን ቴሌቪዥን ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ጀመር፤ ከአንድ ማዕከል ተልኮ በየክፍሉ የሚታይ፥ በኀሳቡ ከሪሞት ዴስክቶፕ እምብዛም የማይርቅ ነገር ነበር። ነገር ግን መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ፤ ሊያቆመው፥ ሊደግመው፥ ሊያርመው አይችልም ነበር። ከእኛ አንዱ በተማረበት ትምህርት ቤት መሣሪያው ከተበላሸ በኋላ በብረት ሳጥኑ እንደ ተቆለፈ ከተማሪዎቹ ራስ በላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ የሚጠግነው ሰው አልነበረም፤ ለማውረድም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ልዩነቱ በመሣሪያው ላይ አይደለም። እኛ ሦስት ምሽት በቶምካት የተቃጠልነው ከንቱ ልፋት አይደለምና ነገ ሲበላሽ የት እንደሚነካ እናውቃለን።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከሚያከብረን መምህር ቀርቦልናል፤ «ነጻ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ቢሰለቹ ምን ይውጣችኋል?» የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሴንትኦኤስ የተባለውን ሊኑክስ በሰርቨር ላይ የጫኑ ብዙዎች ነበሩ፤ ሬድ ሃት ሴንትኦኤስ 8 እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ በ2020 ዲሴምበር ሲያስታውቅ ብዙ ሰው ደነገጠ። ግን ምንጩ ክፍት ስለ ነበረ ሌሎች ያንኑ ይዘው በ2021 አልማሊኑክስንና ሮኪ ሊኑክስን አወጡ። የተዘጋ ሶፍትዌር ሠሪው ሲተወው ግን ከኋላው የሚያነሣው የለም።

ለኮሌጁ የምንለው እነሆ። በሚቀጥለው በጀት ሊገዙ ከታሰቡት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ጥቂቶቹ ይቀነሱና በገንዘቡ ደኅና ማስታወሻ ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች ይገዙ። የቀሩት 23 አሮጌዎች በሞዴል 22 ይውጡልን፤ የሚያስወግዳቸው ኮሚቴ ከተቋቋመ ደግሞ የመጀመሪያ ስብሰባው ላይ እንድንገኝ ይፈቀድልን። ክፍሉ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ክፍት ይሁን፤ ተረኛ ሆነው የሚጠብቁ ተማሪዎች እኛ እናቀርባለን። የመቅጃውና የቁልፉ ደንብ በጽሑፍ ሆኖ በአካዳሚክ ኮሚሽኑ ይጽደቅ፤ ከቁልፉ ግማሹም በተማሪዎች ማኅበር እጅ ይሁን። በዚህ የመጨረሻው ነጥብ ላይ መደራደር አንፈልግም። ማኅበሩም እስካሁን በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አለመተንፈሱ አስገርሞናል፤ ስለ ካፍቴሪያው ሽሮ ሦስት ስብሰባ የጠራ ማኅበር ስለዚህ አንድ ቢጠራ ምን ይጎዳው ነበር?

መምህሩ ኮምፒዩተራቸውን የሚፈልጉት በመጋቢት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ስምንቱ ከአሮጌው የንባብ ክፍል ጀርባ ይሠራሉ፤ ከሰኞ እስከ ዐርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ከስድስታችን አንዱ አይጠፋም። መምጣት የሚፈልግ የመታወቂያ ቁጥሩን ያስመዝግብ፤ የመግቢያ ቃሉን ራሱ ያወጣል፥ እኛ አናየውም። የማመልከቻው ቅጽ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ካሉት ዘበኛ ዘንድ ተቀምጧል፤ ትናንት ማታ 214 ፊርማ ደርሶ ነበር። ጋሼም የሸራውን ጫፍ ገልጠው አቧራውን መጥረግ መጀመራቸውን ነግረውናል።